ውሾችን ሁዳዴ ያስጾምኩበት ዓመት

ጡረታ ስወጣ ቅጹን የምትሞላልኝ ልጅ «የሥራ ዓይነት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዳቦ ጋጋሪ» አልኳት። «ሌላስ?» ስትለኝ «የውሻ ብስኩትም ጋግሬአለሁ» አልኩ። ከት ብላ ሳቀችና «ዳቦ ጋጋሪ» የሚለውን ብቻ ጽፋ አለፈች። አልተቀየምኳትም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር። ዳሩ ግን በሥራ ዘመኔ ያስመሰገነኝም ያስከሰሰኝም ለሰው የጋገርኩት ዳቦ ሳይሆን ለውሻ የጋገርኩት ብስኩት ነው። ስለ ዳቦ ብዙ ሰው መናገር ይችላል፤ ስለዚህኛው ግን ከእኔ በቀር የሚናገር ስለሌለ ልጻፈው ብያለሁ።

ትውልዴ ላሊበላ አካባቢ፣ ከኩልመስክ ከተማ አለፍ ብሎ ነው። መጋገር የተማርኩት በደርግ ጦር ወጥ ቤት ነው። እዚያ የሚፈለገው ብዛት እንጂ ጣዕም አልነበረም፤ የእኛ ዳቦ ሲያድር ትራስ ይሆናል እየተባለ ይቀለድብን ነበር። በ1983 ጦሩ ሲበተን በእግሬ አገሬ ገባሁ። የአባቴን መሬት ወንድሞቼ ተካፍለው ያርሱታል። እኔም ሞፈር ጨብጬ ሞከርኩ፤ በሬዎቹም ወንድሞቼም ሳቁብኝ። ከዚያ ኮን ከተማ ሄጄ በአንዲት ሴትዮ ሻይ ቤት ጋጋሪ ሆንኩ። ሴትዮዋ ስለ ዳቦ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ይነፋ!» ሊጡ ይነፋ፣ ዳቦው ትልቅ ይምሰል፣ የገበያ ሰው ይግዛው። ውስጡ ባዶ መሆኑ ግድ አልነበራትም። ጥቂት ዓመት ነፋሁላትና ላሊበላ ሆቴል እየበዛ ነው ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ደሞዙ ከኮኑ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ምድጃው ግን ትልቅ ነበር።

የተቀጠርኩበት ሆቴል በተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም የሚያወጣው መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። ባለቤቱ አቶ ሲሳይ ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ ሥራ ወዳድ ነው፤ ትርፍ ደግሞ ከሥራም አብልጦ ይወዳል። የወጥ ቤቱ አዛዥ ግን እሱ አልነበረም፤ እትዬ ያልጋነሽ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ወታደር ነበርክ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ትእዛዝ ትሰማለህ። ሂድ፣ እጅህን ታጠብ።»

ታጥቤ መጣሁ። አዩትና «እንደገና» አሉኝ።

ከጦሩ ያመጣሁት ሙያ እሳቸው ዘንድ ሙያ አልነበረም። ዱቄት ከመንፋታቸው በፊት ያሸታሉ፤ ትንሽ እንኳ የእርጥበት ሽታ ካለው ጆንያውን ፀሐይ ላይ ያስወጡታል። የምድጃውን ሙቀት የሚለኩት እጃቸውን ወደ አፉ አስገብተው አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ ነው። ከጸሎቱ መካከል ሳይደርሱ እጃቸውን ካወጡ እሳቱ ለዳቦ ደርሷል። አድርሰው «አሜን» ካሉ በኋላ ካወጡ ግን ምድጃው ደክሟል፣ ለደረቅ ነገር ብቻ ነው የሚሆነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ጸሎቱን ስለማጣድፈው ምድጃው የበረደ እየመሰለኝ ስንቱን አሳረርኩ። «እግዜርን አታጣድፈው» ይሉኛል። ሌላው ሕጋቸው ደግሞ ያልቀመሱት ነገር ከወጥ ቤቱ በር አይወጣም። በጾም ቀን ቀምሰው ይተፉታል እንጂ ሕጉን አያፈርሱም።

የውሻው ነገር የመጣው በአንዲት ፈረንጅ ነው። የጥንት ጨርቃ ጨርቅ የምታጠና ሴት ነበረች፤ ብዙ ወር እኛ ዘንድ ስትቀመጥ ጠጉሩ እንደ ግልገል የተጠቀለለ ትንሽ ውሻ ይዛ ነበር። እንግዳው ሁሉ ያጎርሰዋል፦ ቀይ ወጥ፣ ጥብስ፣ ኬክ። ውሻው ሆዱ ተበላሽቶ ሲማቅቅ ሴትዮዋ ወጥ ቤት ገብታ የምትፈልገውን በአስጎብኚ አስነገረች፦ የገብስ ዱቄት፣ የተቀቀለ ዱባ፣ እንቁላል፣ የአጥንት መረቅ። ጨው የለ፣ ስኳር የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ቅቤ የለ።

«ጨው እንኳ?» አሉ እትዬ ያልጋነሽ። «ምን በድሎ ነው ውሻው?»

ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። የዚያን ቀን ከፋኝ፤ አገር ይጠብቃል የተባለ ሰው ለውሻ ሊያቦካ ነው ብዬ። ሥራው ግን እንደናቅሁት አልነበረም። ዱባው ውኃ ይይዛል፤ በጨርቅ ካልተጨመቀ ሊጡ እንደ አጥሚት ይሆናል። መረቁ አድሮ መብረድ አለበት፤ ከላይ የረጋው ስብ ተገፎ ካልተጣለ ብስኩቱ በሳምንቱ ይሸታል። ገብስ ደግሞ እንደ ስንዴ አይያያዝም፤ ሊጡን ከእንቁላሉ ጋር ጠንከር አድርጌ አሽቼ፣ ሸፍኜ አሳርፈዋለሁ። ከዚያ በባዶ የቢራ ጠርሙስ እዳምጠዋለሁ። መቁረጫ ስላልነበረን በአረቄ መለኪያ አፍ ነበር ክብ ክብ አድርጌ የምቆርጠው። እንዳይነፋ በሹካ እወጋዋለሁ፤ የኮኗ ሴትዮ ብታየኝ ታለቅስ ነበር። ዳቦው ሁሉ ወጥቶ ምድጃው ሲደክም ትሪውን አስገብቼ እዘጋና እስከ ጠዋት እተወዋለሁ። ጠዋት አንዱን ከጆሮዬ አጠገብ እሰብረዋለሁ። «ቀጭ» ካለ ደርሷል፤ ከጎበጠ ወደ ምድጃው ይመለሳል። በክረምት ጉሙ ከአሸተን ሲወርድ የደረቀውም ይለሰልሳል፤ ያኔ ሁለት ሦስት ጊዜ መመለስ ነው።

እትዬ ያልጋነሽ ከመጀመሪያው ጋገራ አንዱን አንስተው አኘኩ። ብዙ አኘኩ። «የበሽተኛ ምግብ ነው» አሉ። «ግን ጥሩ የበሽተኛ ምግብ ነው።» ከዚያ ለውሻው የተሠራባቸውን ትሪዎች ቀይ ክር አስረው በሌላ ምስማር ሰቀሏቸው።

ውሻው ዳነ፤ ሴትዮዋም አገሯ ተመለሰች። ብስኩቱ እንዲቀጥል ያደረገው ሙላት የሚባል አስጎብኚ ነው። የአሸተን መንገድ የሚያልፈው በገበሬ ደጅ ነው፤ የገበሬ ውሻ ደግሞ ቱሪስትና ጅብ አይለይም። እንግዳ ተነክሶ ያውቃል፤ አስጎብኚዎቹም ድንጋይ እየወረወሩ ነበር የሚያሳልፉት። ሙላት አንድ ቀን ከተረፈው ብስኩት በኪሱ ይዞ ወጣና ሲመለስ «ጋሽ ፈንታው፣ ውሾቹ እኮ ጅራታቸውን እየቆሉ ሸኙን!» አለኝ። በማግስቱ ሌሎቹም ጠየቁ። አቶ ሲሳይ ይህን ሲሰማ በከረጢት እያደረግን ለአስጎብኚዎች እንድንሸጥ አዘዘ።

እኔ ግን የገበሬ ልጅ ነኝና ነገሩ አስፈራኝ። በእኛ አገር የሰው ውሻ የሚያጎርስ መንገደኛ ስሙ አንድ ነው፤ ሌባ ነው። ውሻውን በቀን ያለማምደዋል፣ ኋላ መርዝ ያጎርሰውና በረት ይገባል። ስለዚህ ማንም ሳያዘኝ ሙላትን ይዤ ደጅ ለደጅ ፈቃድ ልጠይቅ ወጣሁ። በየቤቱ ብስኩቱን ገምሼ ግማሹን ራሴ እበላለሁ፤ ግማሹን ለባለቤቱ አሳያለሁ። አብዛኞቹ እየሳቁ ፈቀዱ። የከበዱኝ አያ ደሳለ ነበሩ። ቤታቸው ከመንገዱ ጠመዝማዛ ላይ ለብቻው ነው፤ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ቀርተዋል። ጠባቂያቸው መክት የሚባል ቡላ ውሻ ነበር።

«ውሻዬ ከባዕድ እጅ ከበላ ለማን ይጮሃል?» አሉኝ።

«ቀን ብቻ ነው፣ አያ ደሳለ፤ ያውም ከሙላት እጅ ብቻ። ክፉ ነገር እንደሌለበት ቃሌን እሰጥዎታለሁ።»

ብስኩቱን አገላብጠው አዩት። «እሺ፣ በቃልህ ይሁን። አንድ ነገር ቢሆን ግን እኔ ሆቴል አላውቅም። የማውቅ አንተን ነው።»

ጥቂት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሚሊኒየሙ ከመግባቱ በፊት በአንዱ ሁዳዴ በከተማው ወሬ ተነሣ፦ ሰው ሲጾም ፈንታው ለውሻ የፍስክ ይጋግራል፣ ያውም የሰው ዳቦ በሚበስልበት ምድጃ! ውሸት አልነበረም፤ መረቁም እንቁላሉም ነበረበት። ለፈረንጅ የፍስክ ምግብ መሠራቱን ሰው ለምዶታል፤ ለውሻ መሆኑ ነው ያናደደው። ለማኅበር ድፎ የሚያዙን ሰዎች ቀሩ፤ ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚገዙን ጎረቤቶችም ወደ ሌላ ዞሩ። አቶ ሲሳይ ወጥ ቤት መጥቶ «ጋሽ ፈንታው፣ ይሄ የውሻ ነገር ይቅር» አለኝ። ሙላት ደግሞ «ለፋሲካ የሚመጣውን እንግዳ በምን አሳልፌ ልውሰድ?» ብሎ ተከራከረ።

«እንግዲያው ውሻውም ይጹማ!» አሉ እትዬ ያልጋነሽ። ለቀልድ ነበር፤ ግን ሁላችንም ተያየን፤ እንደዚያው ሆነ።

መረቁን በውኃ፣ እንቁላሉን በተልባ ተካሁ። ውሾቹ አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። መክትማ ሙላትን ሊነክሰው ምንም አልቀረው። ማጣፈጫ መፈለግ ግድ ሆነ። ስኳር ክልክል ነው። ለኬክ የመጣ ዘቢብ ግን ነበረን። ዘቢብ ደግሞ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ለስለት የሚሰጥ፣ ለቅዳሴ የሚቀርብ ነው። ከዘቢብ የጠራ ምን አለ? ፍሬም ነው፣ የጾምም ነው ብዬ ወቅጬ ከሊጡ ጋር አሸሁት፤ አልሰሰትኩም። እትዬ ያልጋነሽ ቀምሰው ተፉና «ይኼማ ለሰውም ይሆናል» አሉ። አዲስ ነገር ሲሠራ እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ለሆቴሉ ዘበኛ ውሻ ሰጧት። ሳምንቱን ሙሉ በላች፤ ምንም አልሆነችም። እኛ የምናውቀውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርገናል።

ውሾቹ ወደዱት። ከሁሉም የባሰበት መክት ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ እንግዳ በዛና ሙላት በወጣም በወረደም ቁጥር እፍኝ እፍኝ ይሰጠው ጀመር። አንድ ቀን ሲመለስ «ዛሬ መክት ተነሥቶ አልጮኸብኝም» አለኝ። በማግስቱ እኔው ወጣሁ። ውሻው ከደጁ ጥግ ተጋድሟል። ውኃ ሲሰጡት ያስመልሰዋል፤ ሽንቱ ቆሟል። አያ ደሳለ አጠገቡ ተቀምጠው አንገቱን ያሻሹታል።

«ምን አበላችሁት?» አሉኝ።

«ያንኑ ብስኩት ነው፣ አያ። ይኸው» ብዬ ከኪሴ አውጥቼ ፊታቸው ላይ በላሁ። ሳኝክ ትክ ብለው አዩኝ። መክት ለፋሲካ አልደረሰም።

ከበዓሉ በኋላ የአያ ደሳለ በረት ተሰብሮ ሁለት በጎች ተወሰዱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያገናኘው መላው አገር ነው። «ፈንታው ውሻውን መርዞ በጉን አስወሰደ» ተባለ። አልፈርድም፤ እኔም እነሱን ብሆን እንደዚያ ነበር የማስበው። ልጆቼ በትምህርት ቤት «የሌባ ልጅ» መባል ጀመሩ። ባለቤቴ ገበያ መውጣት ተወች። የአገር ሽማግሌዎች ላኩብኝ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «ለውሻው ሞት እጄ የለበትም» ብሎ ይማል፤ ከማለ ነጻ ነው፤ ካልማለ ውሻውንም በጎቹንም ከእሱ እንፈልጋለን። ስሰማ ደስ አለኝ። እውነት ይዤ መሐላ ምን ያስፈራኛል? እሑድ እስኪደርስ ቸኮልኩ።

እሑድ ሳይደርስ ግን ሙላት አንድ ፈረንጅ ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ሰውዬው በአገሩ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሙላት በመንገድ ላይ የመክትን ነገር አጫውቶት ነበር። በብስኩቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ አንድ በአንድ ነገርኩት። ዘቢብ ላይ ስደርስ ራሱን ያዘ። ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው አለ፤ ኩላሊቱን ያቆመዋል። አንዱ ውሻ በልቶ ምንም አይሆንም፣ ሌላውን ይገድለዋል፤ የትኛው እንደሚሞት አስቀድሞ አይታወቅም። በእሱም አገር ይህ ከታወቀ ብዙ ዘመን አልሆነውም አለኝ። እንግዳው ከወጣ በኋላ የቀረውን ብስኩት ሁሉ እሳት ውስጥ ከተትኩት። በቃሌ ያመኑኝ አያ ደሳለ ውሻቸውን በእኔ እጅ አጥተዋል።

ሙላት እንግዳውን ሸኝቶ ተመለሰ። «ጋሽ ፈንታው፣ እነሱ መርዝ የሚሉት ለጅብ የሚጣለውን ነው። እሱን አላደረጉም። ይማሉና ይገላገሉ። ዘቢብ ይገድላል ቢሉ ማን ያምንዎታል?»

እውነቱን ነበር፤ ማንም አያምነኝም። ካልማልኩ ሌባ ነኝ፤ ልጆቼም የሌባ ልጆች ሆነው ይቀራሉ። የመሐላው ቃል ግን «እጄ የለበትም» ነው የሚለው። እጄ ደግሞ አለበት፣ ያውም እስከ ክርኔ፤ ሊጡን ያሸሁት እኔ ነኝ። ለእትዬ ያልጋነሽ ነገርኳቸው። ወንፊቱን አስቀመጡ። «እኔም ቀምሼ ይሁን ብያለሁ» አሉ። «አትምልም። አብሬህ እሄዳለሁ።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። የደብሩ ቄስ አድማሴ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። አያ ደሳለ ከዳር ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ተነሣሁና «አልምልም» አልኩ። ሰዉ አጉረመረመ።

«አመንክ ማለት ነዋ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«መርዝ አላደረግሁም። በጎቹንም አላውቅም። ውሻውን የገደለው ግን የጋገርኩት ብስኩት ነው። ዘቢብ ነበረበት። ዘቢብ ውሻ እንደሚገድል ሐኪም የነገረኝ በዚህ ሳምንት ነው።»

ቄስ አድማሴ ጆሯቸውን አላመኑም። «ለቅዳሴ የምናቀርበውን ዘቢብ መርዝ ነው ትለኛለህ?»

«ለሰው አይደለም፣ አባ። ለውሻ ነው።»

«ድሮስ ለቤተ መቅደስ የሚገባ ነገር ለውሻ ይሰጣል? አንተ ሰው፣ ከአንዱ እወጣለሁ ብለህ ሌላው ውስጥ ገባህ እኮ!»

እትዬ ያልጋነሽ ከሴቶቹ በኩል ተነሡ። «አባ፣ ቀምሼ ይሁን ያልኩ እኔ ነኝ። ቁጣውን ለሁለት ያካፍሉን» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። አያ ደሳለ አልሳቁም።

ያ «አመንክ» ያሉኝ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ምን ያጨቃጭቃል? ከዕቃ ቤቱ ዘቢብ ይምጣ። ያቺ ውሻ ትብላ። ከሞተች ፈንታው እውነቱን ነው፤ ካልሞተች ሌባ ነው።» ከግንቡ ጥግ የተኛች ባለቤት የሌላት ከሲታ ውሻ ነበረች። ሰው ሁሉ «ይሁን፣ ይሁን» አለ፤ ቄስ አድማሴም እውነቱ ይውጣ ብለው እያጉረመረሙ ፈቀዱ። ዲያቆኑ ሄዶ በጨርቅ ቋጥሮ አመጣ።

ሐኪሙ ያለኝ ትዝ አለኝ። ብትተርፍ እኔ አለቀልኝ፤ ብትሞት ዳንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ ትሙት ብዬ ተመኘሁ። ዲያቆኑ ወደ እሷ ሲራመድ ምግብ መሆኑን አውቃ ነው መሰል ቀና ብላ ጅራቷን ቆላች።

«ተዉ፣ አትስጧት» አልኩ። «አንዱን ሳላውቅ ገደልኩ፤ ይቺን እያወቅሁ አላስገድልም። ሌባ በሉኝ። በጎቹን እከፍላለሁ።»

«በቃ፣ ራሱ ፈረደ» አሉ ሽማግሌው።

ያኔ አያ ደሳለ ተነሡ። «ቆዩ እስቲ» አሉ። «ውሻ መግደል የለመደ ሰው ለዚች ምን ብሎ ይሳሳል? ብትሞትለት እኮ ነጻ ይወጣ ነበር። በጌን የወሰደው ሌላ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መክት ግን በአንተ እጅ ነው የሞተ። ራስህም ብለሃል። ቡችላ ታመጣልኛለህ።»

ፍርዱ ይኸው ነበር። ቄስ አድማሴ በዘቢቡ ነገር ለእኔና ለእትዬ ያልጋነሽ ስግደት አዘዙን፤ ሰገድን። በጎቹን ማን እንደወሰደ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሆቴሉ ዘበኛ ውሻ ስትወልድ ከቡችሎቹ ጠንካራውን መርጬ በነጠላዬ አቅፌ አወጣሁላቸው። ለብስኩቱ ከአጥሩ ውጪ ትንሽ የጭቃ ምድጃ ሠራሁለት፤ ከዚያ ወዲህ በሁዳዴም ቢሆን መረቁና እንቁላሉ ገባበት፤ ዘቢብ የሚባል አልገባበትም። የከተማው ሰው ጥቂት አጉረመረመና ኋላ ወደ ዳቦው ተመለሰ። እንዲሁ እየጋገርኩ ጡረታዬ ደረሰ።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ አሸተን ማርያምን ልሳለም ወጣሁ። ያ ቡችላ ትልቅ ውሻ ሆኖ፣ ገና ከሩቅ አገሩን በጩኸት አናወጠው። አያ ደሳለ አርጅተዋል፤ በበትራቸው ተደግፈው ወጡና ውሻውን ያዙልኝ። «ግባ እንጂ ፈንታው፣ ጠላ አለ» አሉኝ። ከቤት የጋገርኩትን ብስኩት ይዤ ነበር፤ እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ አዩኝ።

«ለውሻው ግን ምንም እንዳታቀምስልኝ» አሉ።

ገባሁ። ጠላውን ጠጣሁ። የልጆቼን ደኅንነት ጠየቁኝ፤ እኔም የጉልበታቸውን ሕመም ጠየቅኋቸው። ውሻው ከደጅ ሆኖ የኪሴ ሽታ ደርሶት ያለቅሳል። ሁለታችንም እንደማንሰማ ሆንን። ሲመሽብኝ መርቀው ሸኙኝ፤ ብስኩቱንም እንደያዝኩ ወረድኩ።